የላፕቶፔ ዜሮ 30 ነው

ቀን ከሆነ መብራት መጥፋቱን ቀድማ የምትነግረኝ ላፕቶፔ ናት። አምፖል አልበራም፣ ቴሌቪዥንም አልተከፈተም። እኔ ማዳመጫዬን አድርጌ እጽፋለሁ። በድንገት ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል። ቻርጀሩ ኮረንቲ ሲያጣ ብርሃኗን ራሷ ትቀንሳለች። ማዳመጫዬን አውልቄ ጆሮ ስሰጥ የፍሪጁ ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከታች ከግቢው የልጆቹ "ጠፋ!" ይመጣል።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ስለማደርገው ነገር ነው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሥራዬን በሰዓቱ ማድረሴ ወይም አለማድረሴ ግን እዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

ሥራዬ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ተመራማሪዎች ገጠር ወርደው ቃለ መጠይቅ ይቀዳሉ፣ ድምፁን ይልኩልኛል፣ እኔ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። አንዳንዴም ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። የአንድ ሰዓት ድምፅ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጅብኛል። የቡድን ውይይት ከሆነማ፣ ስምንት ሴት በአንዴ የሚያወራበት፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር። ቢሮም ጀነሬተርም የለኝም። ያለችኝ አንዲት ያገለገለች ኤችፒ ኤሊትቡክ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት መገናኛ ነው የገዛኋት። እወዳታለሁ። ኪቦርዷ ለአማርኛ እጄ የተሠራ ይመስለኛል።

አምና ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የማስረክበው የቡድን ውይይት ነበረኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪውን አየሁት፣ 61 በመቶ ይላል። "ተመስገን" ብዬ ቀጠልኩ። ምንም ነገር አልዘጋሁም፣ ምንም አልቀነስኩም። ከ100 ላይ 61 ካለኝ ምን ያስጨንቀኛል? ሰዓቱን ረስቼ እየጻፍኩ አንዲት እናት ቀስ ብለው የሚናገሩት ቦታ ላይ ደረስኩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ከኋላ ዶሮ ይጮሃል፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ እየመለስኩ ሰማሁት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ስክሪኑ ድርግም አለ። ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ከመጥፋቱ በፊት ዓይኔ ያረፈበት ቁጥር 23 በመቶ ነበር።

ጨለማው ውስጥ ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩት። አንዴ ብልጭ ብላ መልሳ ሞተች።

መብራት የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ዎርድ ሳልነካው በየ10 ደቂቃው ነው በራሱ የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ የጠፋብኝ ጽሑፍ ዘጠኝ ደቂቃ የሠራሁበት ብቻ ነው። ግን ያቺ የእናትየዋ ቃል ነበረች። እንደገና ሳዳምጥ መጀመሪያ የሰማሁትን ቃል መልሼ ማግኘት አቃተኝ። ሥራውን ያስረከብኩት ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው። ሥራውን የሰጡኝ ሰውዬ አልተቆጡኝም፣ "ችግር የለም" ነው ያሉኝ። በሚቀጥለው ወር ግን ድምፁን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ወንድሜን "ላፕቶፔ ምን ሆና ነው?" አልኩት። "ባትሪሽ አርጅቷል እኮ" አለኝ። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፈተና አንዲት መስመር ጻፈ። ፓወርሲኤፍጂ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ ባትሪሪፖርት የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ ላይ ተጣብቀው። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። ኢንተር ሲለው አንድ ፋይል አስቀመጠና በብራውዘር ከፈተው። ዊንዶውስ ላይ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ሞክሩት። ምንም ማውረድ አያስፈልግም፣ ከመጀመሪያውኑ ውስጡ አለ።

ሁለት ቁጥር አሳየኝ። አንደኛው ዲዛይን ካፓሲቲ ይላል፣ ባትሪው አዲስ ሲሆን እንዲይዝ የተሠራው ማለት ነው። የኔዋ 50 ዋት-ሰዓት፣ ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካው በዚህ ነው። ሁለተኛው ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ፣ አሁን ጥግ ድረስ ሲሞላ የሚይዘው። እሱ 22.8 ነበር። 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማችሁ ውስጡ 9 ሊትር ብቻ እንደሚገባ አስቡት። ላፕቶፔ ግን ያንኑ 9 ሊትር "100 በመቶ" ብላ ትነግረኛለች። አልዋሸችም፣ አሁን የምትችለውን ሞልታለች። እኔ ነኝ መቶውን እንደ ድሮው መቶ የቆጠርኩት።

23 በመቶ ላይ ለምን እንደሞተችም ያን ቀን ነው የገባኝ። በመቶኛው የሚሰላ ግምት ነው። ባትሪ ሲያረጅ ኮረንቲ እንዳያልፍ የሚይዘው የውስጥ ተቃውሞው (ሬዚስታንስ) ይጨምራል። ኮምፒውተሩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ቮልቴጁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከተወሰነው ልክ በታች ሲሆን ማሽኑ ይጠፋል። የቀረ ኃይል ቢኖርም ማውጣት አይቻልም። የሞባይል ባትሪ 15 በመቶ እያለ ካሜራ ስትከፍቱ እንደሚጠፋው ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ዜሮ 30 እንዲሆን ወሰንኩ። ዊንዶውስ ያለ ትእዛዝ 10 በመቶ ላይ ያስጠነቅቃል፣ 5 በመቶ ላይ ደግሞ ራሱ እርምጃ ይወስዳል። የኔዋ እዚያ አትደርስም። ኮንትሮል ፓነል ገብቼ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የፕላኑን አድቫንስድ ቅንብር ከፈትኩ። ባትሪ የሚለው ስር ማስጠንቀቂያውን ወደ 40 አወጣሁት። ክሪቲካል የሚለውን 30 አደረግሁት፣ እርምጃውን ደግሞ ሃይበርኔት። ዎርድንም በየአንድ ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አዘዝኩት።

ሃይበርኔት ስሊፕ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም ክዳኗን ዘግቼ "አጠፋኋት" ብዬ ነበር የምተኛው። ክዳን ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ ስሊፕ ነው የምትገባው። የከፈታችሁት ነገር ሁሉ ራም ላይ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻዋ ላይ፣ እንዳለ ይቆያል፣ ራም ደግሞ ኃይል ካላገኘ ሁሉን ይረሳል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ቀስ እያለች ትጠጣለች። ሃይበርኔት ስትሏት ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፋ ጨርሳ ትጠፋለች። ሦስት ቀን ብትቆዩ ስትከፍቷት ያቆማችሁበት መስመር ላይ ናት። ማጥፊያው ዝርዝር ላይ ካላገኛችሁት ተደብቆ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የማብሪያ ማጥፊያ ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ታበሩታላችሁ።

ከዚያ መለካት ጀመርኩ። ያው ሪፖርት ስንት እንደቀረ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ስክሪኑን ዝቅ አድርጌ፣ ኢንተርኔት ዘግቼ ዎርድ ላይ ብቻ ስጽፍ በአንድ ሰዓት 6 ዋት-ሰዓት ገደማ ትበላለች። ክሮም በአስር ታብ ተከፍቶ፣ ዋይፋይ በርቶ፣ ስክሪኑ ደምቆ ሲሆን 12 አካባቢ። በቪዲዮ ስብሰባ ላይ 17 ደርሳ አይቻታለሁ። ከ100 እስከ 30 ያለኝ 16 ዋት-ሰዓት ነው። ስለዚህ ያው ባትሪ ለጽሑፍ ሁለት ሰዓት ከአርባ ይሆነኛል፣ በክሮም አንድ ሰዓት ከሃያ፣ በቪዲዮ አንድ ሰዓት አይሞላም። "ባትሪሽ ስንት ሰዓት ይቆያል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ አሁን መልሴ "ምን እየሠራሁ?" የሚል ነው።

እናቴ ውሃ ሲጠፋ እንዲህ ነው የምታደርገው። በርሜሉን ከፍታ ታያለች፣ መጀመሪያ የመጠጡን ትለያለች። ቀጥሎ የወጡን። ልብስ ማጠቢያው ውሃ እስኪመጣ ይቆያል። በርሜሉ ሙሉ ሆኖም እንደዚሁ ነው የምትለየው፣ ሲጎድል ጠብቃ አይደለም። እኔ በ61 በመቶ ተመስገን ብዬ የቀጠልኩት ይህን እያየሁ አድጌ ነው።

አሁን ስክሪኑ ሲደበዝዝ መጀመሪያ ብርሃኑን ወደ ታች አወርደዋለሁ፣ ከመጨረሻው ሁለት ፈቅ ብሎ ሲቀር አቆማለሁ። በላፕቶፕ ላይ ከሚበሉት ዋናው ስክሪን ነው። የኪቦርዱን መብራት አጠፋለሁ። ዋይፋይ የሚሰጠኝ ሳጥን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይሞታል፣ ላፕቶፕዋ ግን ፍለጋዋን አታቆምም። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደርጋታለሁ። ክሮምን እዘጋለሁ፣ ሙሉ በሙሉ። የተሰካ ፍላሽ ካለ እነቅላለሁ። ወንድሜ ስክሪኑ ላይ ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን ነጭ ጥቁር እንዳደርገው ይመክረኝ ነበር። የኔዋ ስክሪን ኤልሲዲ ስለሆነ ከኋላው ያለው መብራት ጥቁሩም ነጩም ላይ እኩል ይበራል፣ ባትሪ ላይ ለውጥ አላየሁበትም። ኦሌድ ስክሪን፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው የሚበራበት፣ ላላቸው ግን ይጠቅማል።

ትልቁን ጥቅም የሰጠኝ ድምፁን ከላፕቶፑ ማውጣቴ ነው። የምገለብጠውን ፋይል ቀድሜ ስልኬ ላይም አስቀምጠዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ከስልኬ እሰማለሁ፣ ላፕቶፑ ላይ የምጽፈው ብቻ ነው የሚቀረው። አስቸጋሪ ቦታ ሲገጥመኝ፣ እንደዚያች እናት ያለ፣ ክዳኗን እዘጋና ደብተር አወጣለሁ። በሻማ እየሰማሁ በእስኪርቢቶ እጽፈዋለሁ። አስር ጊዜ ብመልሰውም ከባትሪዬ ላይ ምንም ያህል አይነካም። ሲጠራልኝ ከፍቼ በአንድ ትንፋሽ እተይበዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ስልክ ላውራ፣ ይህ የቤት ጣጣ ነው።

መብራት በጠፋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እናቴ መጥታ "ልጄ፣ ይቺን ላፕቶፕሽ ላይ ሰኪልኝ" ትለኛለች። ወንድሜ ሳይጠይቅ ይሰካል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ልጃቸውን ይልካሉ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ኬብሉን ስልኩ ላይ ጠቅልሎ "እማዬ ትንሽ ቻርጅ አድርጊልኝ ብላለች" ይላል። እምቢ ማለት አይቻልም። ሌላው ልጃቸው ዐረብ አገር ነው ያለው፣ ማታ ማታ ነው የሚደውልላቸው። እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 5,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚል የስልክ ባትሪ ወደ 19 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እኔ ለሥራ ያለኝ 16 ነው። አንድ ስልክ ባዶውን መጥቶ ቢሞላ ሌሊቴን በሙሉ ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍያዬ ላይ ቆርጬ 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ፓወር ባንክ ገዛሁ። ላፕቶፑን አይሞላም፣ እሱ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፣ የኔዋ ክብ መሰኪያ ደግሞ 19.5 ቮልት ይፈልጋል። አዳዲሶቹ በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉት ላፕቶፖች በትልልቅ ፓወር ባንክ ይሠራሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚል መሆኑንና 45 ወይም 65 ዋት መስጠቱን እዩ። የኔው ፓወር ባንክ የቤቱና የጎረቤት ድርሻ ነው። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተሰክቶ ይውላል። ልጁ ሲመጣ እሱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ፣ ይዞት ይወርዳል፣ ጠዋት እናቱ ራሳቸው ይመልሱልኛል። ቡና አፍልተው ከሆነም ይጠሩኛል።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ቢያንስ ሰዓቱ ይታወቅ ነበር። የኛ ተራ ሲደርስ ሁሉን እንሞላለን፣ ሳይደርስ ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን። አሁን ሕዳሴ ግድብም ተመርቋል። እኛ ሰፈር የሚያጠፋው ግን መስመሩ ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ወይም ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ሲመጣ። ሰዓት የለውም። ስለዚህ ዝግጅቱ መብራት እያለ ነው መሆን ያለበት።

እዚህ ላይ ከባለሙያዎቹ ምክር በከፊል እለያለሁ። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ 100 ላይ ተሰክቶ መዋል አይወድም፣ ሙቀትም ይጎዳዋል። 80 ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል፣ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን የሚያደርግ ቅንብር አላቸው። ትክክል ነው። በበጋ እኔም በእጄ እየነቀልኩ 80 አካባቢ አቆያታለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ትቼዋለሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም 100 ላይ ትዋል። ባትሪው ትንሽ ቢያረጅብኝ ይሻለኛል። በጨለማ ውስጥ ያለች አንዲት ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ሥራዬን ታስጨርሰኛለች። በማንኛውም ወቅት የማልፈቅደው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራትን ነው። የታች መተንፈሻዋ ይዘጋና ትግላለች።

መብራት ሲመለስም አልቸኩልም። ሲጠፋ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ነቅዬ ነው የምቀመጠው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ስለዚህ ኮረንቲው ቢደክምም ይችለዋል። የሚያስፈራኝ ሲመጣ ከፍ ብሎ መምጣቱ ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን እንዲህ ተቃጥሏል። መጥቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳይንገራገጭ ሲቆይ እሰካለሁ።

ባትሪውን አንዴ አስቀይሬው ነበር። ሠራተኛው "እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው፣ አትጠራጠሪ" አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ ታች ያለው ታችፓድ ከፍ ከፍ እያለ መጣ፣ ጠቅ ስለው እምቢ ይለኛል። ባትሪው አብጦ ነበር። እንዲህ ካያችሁ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉ። አጥፍታችሁ ወዲያው አስወጡት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል። እኔም አሮጌውን መልሼ አስገባሁት። ታማኝ ነው፣ 30 ላይ እስካቆምኩት ድረስ አላሳፈረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ምሽት 2 ሰዓት ከአርባ ላይ ጠፋ። 94 በመቶ ነበረኝ፣ የቀረኝ ድምፅ 31 ደቂቃ። ስክሪኑን አወረድኩ፣ ኤርፕሌን ሞድ አደረግሁ፣ ማዳመጫውን ወደ ስልኬ አዛወርኩ። ልጁ ሲያንኳኳ ፓወር ባንኩን በር ላይ ሰጠሁት። ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል በደብተር ሠራሁ። ድምፁ የአንድ ሽማግሌ ነው፣ ስለ በሬያቸው ነበር የሚያወሩት፣ ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ስሙን በትክክል ለመስማት ሰባት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ ክዳኗን ከፍቼ ገለበጥኩት። 5 ሰዓት ከሃያ ላይ ጨረስኩ። የስልኬን ሆትስፖት ለሦስት ደቂቃ አበራሁና ፋይሉን ላክሁ። ጥጉ ላይ 43 በመቶ ይላል። ሃይበርኔት አልኳት፣ መብራቷ እስክትጠፋ ጠበቅሁ። እናቴ ከውስጥ "ጨረስሽ?" አለችኝ። ጨረስኩ አልኳት። "እንግዲያው ሻማውን አምጪልኝ፣ እኔም ጥጥ ፈትዬ ልጨርስ" አለች።